የዓለም ገንዘቦች፤ ከሚዛን እስከ ቃል ኪዳን

ገንዘብ ሰው ሁሉ በየዕለቱ የሚዳስሰው፤ ነገር ግን ምንነቱን እምብዛም የማይመረምረው ነገር ነው። በዛሬው ዘመን በዓለም ላይ ከ150 የሚበልጡ የገንዘብ ዓይነቶች ሲኖሩ፤ እያንዳንዱ የራሱ ስም፤ የራሱ መልክና የራሱ ዋጋ አለው። ከኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦችም መካከል ልጁ በአሜሪካ፤ እኅቱ በኩዌት፤ ወንድሙ በኢየሩሳሌም የሚኖርበት ሰው ብዙ ስለ ሆነ፤ የዶላርና የዲናር፤ የሼቄልና የዩሮ ስም በየቤቱ የሚነገር ሆኗል። ከዚህም የተነሣ አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይሰማል። የኩዌት አንድ ዲናር ከ3 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲያወጣ፤ የጃፓን አንድ የን ግን አንድ የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ጃፓን ከኩዌት ይልቅ ድኻ አገር ናት ማለት ነውን? አሜሪካስ ከኩዌት በሦስት እጅ ታንሳለችን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት፤ ገንዘብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ፤ ዋጋውንም የሚሰጠው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። ነገሩ የነጋዴና የባንክ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአንድ አገር ገንዘብ ሲወድቅ ቀድሞ የሚጐዳው በየቤቱ ጥቂት ጥሪት ያጠራቀመው ሰው ነውና፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሊያስተውለው የሚገባ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «በእኛ አቈጣጠር» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሚዛን የተወለዱ ስሞች

በጥንት ዘመን ገንዘብ የሚመዘን እንጂ የሚቈጠር አልነበረም። አባታችን አብርሃም ለሚስቱ ለሣራ የመቃብር ቦታ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በገዛ ጊዜ፤ 400 ሰቅል ብር መዝኖ እንደ ሰጠው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎ እናገኛለን። በዚያን ጊዜ ሰቅል የሚዛን ስም ነበረ። ዛሬ የእስራኤል መንግሥት ገንዘብ ሼቄል መባሉ ከዚሁ ጥንታዊ ስም የመጣ ነው።

የእንግሊዝ ፓውንድም እንደዚሁ የክብደት ስም ነው። በቀድሞ ዘመን ከአንድ ፓውንድ ብር 240 ፔኒ ይመታ ስለ ነበር፤ 240 ፔኒ አንድ ላይ ሲሆን ፓውንድ ተባለ። እንግሊዞች እስከ 1971 ድረስ 12ቱን ፔኒ አንድ ሽልንግ፤ 20ውን ሽልንግ አንድ ፓውንድ እያሉ ሲቈጥሩ ከኖሩ በኋላ፤ በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ፓውንዱን በ100 ፔኒ ከፈሉት። ኢጣልያኖች እስከ 2002 ድረስ ይገለገሉበት የነበረው፤ ቱርኮችም ዛሬ የሚገለገሉበት ሊራ ስሙ የወጣው በላቲን ቋንቋ ለዚያው ክብደት ከሚነገረው ቃል ነው። የሜክሲኮና የፊሊፒንስ ገንዘብ ፔሶ ይባላል፤ ይኸውም በስፓኝ ቋንቋ ክብደት ማለት ነው። የጀርመኖቹም ማርክ አስቀድሞ የብርና የወርቅ መመዘኛ ነበር።

ሌሎቹ ደግሞ ስማቸውን ከማዕድኑ ወይም ከቅርጹ አግኝተዋል። የህንዱ ሩፒ ስሙ ተቀጥቅጦ ቅርጽ የወጣለት ብር ማለት ሲሆን፤ የእኛም ገንዘብ ብር የተባለው ከማዕድኑ ስም የተነሣ ነው። የጃፓኑ የን፣ የቻይናው ዩዋንና የኮርያው ዎን ሦስቱም ከአንድ ሥር የወጡ ሲሆኑ፤ ትርጓሜያቸው ክብ ማለት ነው። ዛሬ ግን ፓውንድ ይዞ ወደ ባንክ የሚሄድ ሰው አንድ ፓውንድ የሚመዝን ብር አይሰጠውም። ስሙ ቀርቷል፤ ሚዛኑ ሄዷል።

ድሪምና ዲናር፤ የኢያቄምም ሸለቆ

በዓረብ አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የሚቀበሉት ገንዘብ ስሙ ለወንጌል አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዲናር የሮማውያን የብር ገንዘብ ነበረ፤ የቄሣር መልክና ጽሕፈት ያለበት ሆኖ ለጌታችን የቀረበለት እርሱ ነው። ዓረቦች ስሙን ወርሰው ለወርቅ ገንዘባቸው ሰጡት፤ ዛሬም ኩዌት፣ ባሕሬን፣ ዮርዳኖስ፣ ኢራቅና ሌሎችም ይጠሩበታል። በሉቃስ ወንጌል አንዲት ሴት አሥር ድሪም ኖሯት አንዱ ቢጠፋባት፤ መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋ እንደምትፈልገው ተነግሯል። ይህ ድሪም የግሪኮች ድራክማ ሲሆን፤ ዱባይና አቡዳቢ ያሉበት የዓረብ ኤሚሬቶች፤ እንደዚሁም ሞሮኮ የሚገለገሉበት ድርሃም ከዚሁ ስም የመጣ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያና የቀጠር ሪያል ደግሞ ስሙን ያገኘው ከስፓኝ ሲሆን፤ ትርጓሜው የንጉሥ ማለት ነው።

ስሞቹ እንዲህ ጥንታውያን ይሁኑ እንጂ፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የራሳቸውን ገንዘብ ማሳተም የጀመሩት በቅርብ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በህንድ ሩፒ ይገበያዩ ነበር። ኩዌት የራሷን ዲናር ያወጣችው በ1961፤ የዓረብ ኤሚሬቶችም ድርሃማቸውን ያወጡት በ1973 ነው።

በዓለም ሁሉ ስሙ የገነነው ዶላር ደግሞ ከቅዱስ ኢያቄም ጋር የስም ዝምድና ያለው መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዛሬ የቼክ ሪፑብሊክ በሚባለው አገር፤ በቦሄሚያ ተራሮች መካከል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ብዙ የብር ማዕድን ተገኘ። ቦታውም በእመቤታችን አባት ስም የቅዱስ ኢያቄም ሸለቆ፤ በጀርመንኛ ዮአኪምስታል ተባለ። በ1520 ገደማ ከዚያ ብር የተመታው ትልቅ ገንዘብ ዮአኪምስታለር ተብሎ ሲጠራ፤ ስሙ ረዝሞ ስላስቸገረ «ታለር» ብቻ ቀረ፤ ይኸውም የሸለቆ ማለት ነው። ታለር በሆላንድ ዳልደር፤ በእንግሊዞች አንደበት ዶላር ሆነ። የአሜሪካ መንግሥት በ1792 ባወጣው ሕግ ይህን ስም ለገንዘቡ አጸና። ዛሬም ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ሲንጋፖርና ሌሎች አያሌ አገሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዶላር አላቸው። ስማቸው አንድ ሲሆን ዋጋቸው ግን ልዩ ልዩ ነው።

ገንዘብ በኢትዮጵያ

ይኸው ታለር ወደ አገራችንም ደርሷል። ከዚያ በፊት ግን ኢትዮጵያ የራሷ ገንዘብ ነበራት። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። ንጉሥ ዒዛና የክርስትናን ሃይማኖት በተቀበለ ጊዜ፤ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የክብ ምልክት አስቀርቶ መስቀል አስቀረጸበት። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካኖሩ የዓለም ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በተመቱት የመዳብ ገንዘቦች ላይ ደግሞ ይህ ነገር ሕዝቡን ደስ ያሰኝ የሚል ምኞት በግሪክ ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። መዳብ የድኻው መገበያያ እንደ ነበረ ስናስብ፤ ይህ ምኞት በወርቁ ላይ ሳይሆን በመዳቡ ላይ መጻፉ የሚያስደንቅ ነው።

የአክሱም ገንዘብ ከቀረ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት አሞሌ ጨው መገበያያ ሆነ። አሞሌው ከደንከል በረሃ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ሲወጣ፤ ከምንጩ በራቀ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄድ ነበር። በዝናም ይቀልጣል፤ በመንገድ ይሰበራል፤ ነገር ግን ማንም ሰው ለወጡ ስለሚፈልገው አልቀበልም የሚል አልነበረም።

ከአሞሌ ጋር አብሮ የነገሠው ጠገራው ማርትሬዛ ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 ብትሞትም፤ መልኳና ያ ዓመት የተቀረጸበት ብር ከዚያ በኋላም በቪየና፤ ኋላም በሌሎች ከተሞች ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን፤ ከሺው እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነበረ። ሕዝቡ ይህን ብር የወደደው ንግሥቲቱን ስለሚያውቃት አልነበረም፤ ክብደቱና ጥራቱ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ስላገኘው ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ ባስመቱ ጊዜም፤ ብዙው ሰው የለመደውን ማርትሬዛ እየመረጠ ቈይቷል። እምነት በአዋጅ ብቻ አይገኝምና።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በአገራችን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ ማርትሬዛና ሌላም ገንዘብ ተቀላቅሎ ይዞር ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር የኢትዮጵያ ብር በወረቀትና በሳንቲም ወጥቶ ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። በባዕድ ቋንቋ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል የነበረው እስከ 1976 ሲሆን፤ በአማርኛ ግን ስሙ ምን ጊዜም ብር ነበረ። ሽልንጉ ራሱ ከገበያ ከወጣ በኋላ እንኳ ስሙ በሕዝቡ አፍ ቀርቶ፤ 50ው ሳንቲም ሽልንግ ሲባል ኖሯል።

ዝናምና ንጋት የተባሉ ገንዘቦች

ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ነጻነታቸውን ካገኙ በኋላ፤ የገዢዎቻቸውን ገንዘብ ትተው የራሳቸውን ሲያወጡ ስሙን ከገዛ ቋንቋቸው መረጡ። ጋና በ1965 ያወጣችው ሴዲ ስሙ ዛጐል ማለት ነው፤ በዚያ አገር ዛጐል ለረዥም ዘመን መገበያያ ነበርና። ዛምቢያ በ1968 ክዋቻ፤ ይኸውም ንጋት አለችው። አብዛኛው ምድሯ በረሃ የሆነው ቦትስዋና በ1976 የደቡብ አፍሪካን ራንድ ስትተው፤ ገንዘቧን ፑላ ብላ ሰየመችው። ፑላ ዝናም ማለት ነው፤ በዚያ አገር ሰዎች ሲመራረቁም ይሉታል። የኤርትራ ናቅፋ በ1997 ሲወጣ ስሙን ያገኘው ከናቅፋ ከተማ ነው። ስሙ ግን ያማረ ስለ ሆነ ብቻ ገንዘቡ አይጸናም። የጋና ሴዲ በጊዜ ብዛት ዋጋው እጅግ ስለ ወደቀ፤ በ2007 አሥር ሺሁ አሮጌ ሴዲ በአንድ አዲስ ሴዲ ተለውጧል።

ወረቀቱና ቃሉ

ብረትን ተሸክሞ መዞር አድካሚ ስለ ሆነ፤ ሰዎች የወረቀት ገንዘብን አገኙ። በመጀመሪያ ያገኙት ቻይናውያን ናቸው። በሲችዋን አውራጃ ገንዘቡ ከብረት የተሠራና ከባድ ስለ ነበረ፤ ነጋዴዎች ብረቱን በታመነ ሰው ቤት እያስቀመጡ የተቀበሉትን ወረቀት እርስ በርሳቸው ይሰጣጡ ጀመር። በ11ኛው መቶ ዓመትም መንግሥቱ ሥራውን በእጁ አደረገው።

በአውሮፓ የመጀመሪያው የስዊድን ነው። በዚያ አገር መዳብ ብዙ ስለ ነበረ ገንዘብ ከመዳብ ሰሌዳ ይሠራ ነበር። በ1644 የተሠራው የ10 ዳለር ሰሌዳ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋ ነበር። ስለዚህ በ1661 ዮሐን ፓልምስትሩክ የተባለ ሰው ያቋቋመው የስቶክሆልም ባንክ የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው። ነገር ግን ባንኩ በግምጃ ቤቱ ካለው ይልቅ አብልጦ ወረቀት ስላወጣ፤ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ የሚከፍላቸው አጣ። ባንኩ ወደቀ፤ ፓልምስትሩክም በ1668 የሞት ፍርድ ተፈርዶበት ኋላ በእስራት ተለወጠለት። በዚያው ዓመት በምክር ቤት ሥልጣን የተቋቋመው የስዊድን ባንክ እስከ ዛሬ ድረስ አለ፤ ከዓለም ማዕከላዊ ባንኮችም ሁሉ አንጋፋው ነው።

ገንዘብ በእምነት እንዴት እንደሚቆም የሚያስረዳ ሌላ ነገር በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው በያፕ ደሴት ይገኛል። የደሴቲቱ ሰዎች ከሌላ ደሴት በታንኳ ያመጧቸው፤ መካከላቸው የተበሳ ታላላቅ ክብ ድንጋዮች ገንዘባቸው ነበሩ። አንዳንዱ ድንጋይ ቁመቱ ከሰው ስለሚበልጥ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ሕዝቡ መለወጡን ያውቃል፤ ይህም ይበቃል። እንዲያውም በመንገድ ሳለ ባሕር ውስጥ የሰጠመ አንድ ድንጋይ፤ ማንም ዳግመኛ ሳያየው የባለቤቱ ሀብት ሆኖ ይቈጠር ነበር። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው በባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ ያስብ። እርሱም በዓይኑ አያየውም፤ በመዝገብ ተጽፎለት በቃል ያምናል እንጂ።

የዛሬው የዓለም ሥርዓት የተጀመረው በሐምሌ ወር 1944 በአሜሪካ አገር በብሬተን ዉድስ 44 አገሮች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ነው፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። በዚያ ስምምነት 35 የአሜሪካ ዶላር በአንድ አውንስ፤ ማለትም በ31 ግራም ገደማ ወርቅ እንዲለወጥ፤ የሌሎቹም አገሮች ገንዘብ ከዶላር ጋር እንዲተሳሰር ተደረገ። ነገር ግን ነሐሴ 15 ቀን 1971 ፕሬዚደንት ኒክሰን ዶላርን በወርቅ መለወጥ አቆሙ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የታላላቆቹ መንግሥታት ገንዘብ ሁሉ የሚቆመው በመንግሥት ቃልና በአገሩ ሥራ ላይ ነው።

ቃሉ ሲሰበር

መንግሥት ከሚገባው በላይ ወረቀት ሲያትም ምን እንደሚሆን ለማወቅ የጀርመንን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4 ማርክ ከ20 ይመነዘር ነበር። መንግሥቱ የጦርነቱን ወጪና ከጦርነቱም በኋላ የመጣበትን ዕዳ በማተሚያ መኪና ለመክፈል በመሞከሩ፤ በኅዳር ወር 1923 አንድ ዶላር 4 ትሪሊዮን 200 ቢሊዮን ማርክ ሆነ። ሠራተኛው ደመወዙን በየቀኑ ተቀብሎ ዋጋው ሳይወድቅ ዳቦ ለመግዛት ይሮጥ ነበር፤ ወረቀቱም በቅርጫትና በጋሪ ይጫን ነበር። በመጨረሻ አንዱ አዲስ ማርክ በአንድ ትሪሊዮን አሮጌ ማርክ ተለወጠ። ዕዳ የነበረበት ሰው በዚያ ጊዜ ዕዳውን በከንቱ ከፍሎ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ቈጥቦ ለእርጅናው ያስቀመጠው፤ በጡረታ የሚኖረው፤ ባሏ የተወላትን ገንዘብ በባንክ ያኖረችው መበለት ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

በዘመናችንም ዚምባብዌ እንዲሁ ሆናለች። በ1980 ነጻ ስትወጣ የዚምባብዌ ዶላር ከአሜሪካ ዶላር ይበልጥ ነበር። በጥር 2009 ግን አገሪቱ የ100 ትሪሊዮን ወረቀት አሳተመች፤ በዚያው ዓመትም ሕዝቡ በባዕድ ገንዘብ መገበያየት ጀመረ። በ2015 አሮጌው ገንዘብ ሲሰበሰብ፤ 35 ሺህ ትሪሊዮን የዚምባብዌ ዶላር ያለው ሰው አንድ የአሜሪካ ዶላር ተቀበለ። በሚያዝያ 2024 አገሪቱ በወርቅ የተደገፈ ነው የተባለ አዲስ ገንዘብ አውጥታለች።

የተሰበረ ቃል ሊጠገን እንደሚችል ደግሞ እስራኤል ምስክር ናት። በ1984 የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ወጥቶ ነበር። በ1985 መንግሥቱ ወጪውን ቀነሰ፤ ማዕከላዊ ባንኩ ለመንግሥት ገንዘብ እያተመ እንዳያበድር በሕግ ከለከለ፤ አንድ ሺሁንም አሮጌ ሼቄል በአንድ አዲስ ሼቄል ለወጠ። ዋጋውም ረጋ። ያረጋው የወረቀቱ አዲስነት አልነበረም፤ የወጪው መታረምና የሕጉ መጥበቅ ነው።

የምንዛሪ ልዩ ልዩ መንገድ

መንግሥታት የገንዘባቸውን ዋጋ ለመወሰን ልዩ ልዩ መንገድ ይከተላሉ። አንዳንዶቹ ከሌላ አገር ገንዘብ ጋር ያስሩታል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ1986 ጀምራ አንዱን የአሜሪካ ዶላር በ3 ሪያል ከ75 ታስራለች። ሌሎቹ፤ እንደ ጃፓንና እንደ እንግሊዝ ያሉት፤ ዋጋውን ለገበያ ይተዉታል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ያሉ 14 አገሮች የሴ ኤፍ አ ፍራንክ የተባለውን ገንዘብ ይገለገላሉ፤ እርሱም ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው። በጥር 1994 ከፈረንሳይ ፍራንክ ጋር የነበረው ዋጋ በአንድ ቀን በግማሽ ስለ ተቀነሰ፤ ከውጭ የሚገባ መድኃኒትና ዕቃ ለሕዝቡ እጅግ ተወዶበት ነበር። የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በ2002 የየራሳቸውን ወረቀት ትተው በዩሮ መገበያየት ጀመሩ። ኤኳዶር በ2000 የራሷን ገንዘብ ትታ የአሜሪካን ዶላር ተቀብላለች፤ ይህም ገንዘቧን ከማተሚያ መኪና ቢያድናትም፤ በችግር ቀን የራሷ የሆነ መሣሪያ አሳጥቷታል።

መስፈሪያው እንዳይጐድል

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። እህል በጣሳም በቁናም ይሰፈራል፤ መስፈሪያው ስላነሰ ግን በጐተራው ያለው እህል አይቀንስም። የኩዌት ዲናር በ1000 ፊልስ የተከፈለ ትልቅ ቁና ነው፤ የጃፓን የን ግን ትንሽ ጣሳ ነው። እንዲያውም አንድ የን ከአንድ ፊልስ ይበልጣል። በ2005 ቱርክ ከገንዘቧ ላይ ስድስት ዜሮ ሠርዛ አንዱን ሚሊዮን ሊራ አንድ ሊራ ስታደርገው፤ በዚያ ሌሊት የበለጸገም የደኸየም ሰው አልነበረም። ስለዚህ የአንድን አገር ብልጽግና በገንዘቡ ቍጥር መመዘን ከንቱ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው፤ መስፈሪያው ዛሬና ነገ ያው ነውን? ወይስ ከዓመት ወደ ዓመት እየጐደለ ይሄዳል? የሚለው ነው።

በአገራችን እስከ 1992 ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ በዚያ ዓመት 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር ምንዛሪው ለገበያ ሲተው ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አለፈ። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፤ ከውጭ የሚላከውን ገንዘብ የሚመለከት ነው። ልጅ ከአሜሪካ 100 ዶላር ሲልክ፤ ተቀባዩ ወደ ብር አባዝቶ ሲያየው ብዙ ይመስለዋል፤ ላኪውም በሀብት ላይ እንደሚኖር ይገምታል። ነገር ግን ላኪው የቤት ኪራዩን፣ ቀለቡንና የጕዞ ዋጋውን የሚከፍለው በዚያው በዶላር ነው። በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እኅትም እንዲሁ ናት፤ የብሩ ምንዛሪ ስለ ጨመረ የእርሷ ደመወዝ በአንድ ሪያል እንኳ አልጨመረም። ስለዚህ «ምንዛሪው ወጥቷልና ጨምሪ» ከማለት በፊት፤ የተላከው ገንዘብ ስንት ቀን ሥራ እንደ ሆነ መጠየቅ ፍቅርን ይጠብቃል።

ሁለተኛው፤ የዕቁብና የብድር ነገር ነው። በረዥም ዕቁብ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው በሙሉ ቁና ሲሰፈርለት፤ የመጨረሻው ባለ ዕጣ የሚቀበለው ያው ቍጥር ቢሆንም መስፈሪያው ጐድሎ ይደርሰዋል። ስለዚህ ዋጋ በሚወጣበት ዘመን ዕቁብን አጭር ማድረግ፤ ወይም ችግረኛውን ማስቀደም ይገባል። ከዘመዱ ከብዙ ዓመት በፊት 1000 ብር የተበደረ ሰውም ያንኑ 1000 ብር ሲመልስ በሕግ ዕዳውን ከፍሏል፤ በሕሊናው ግን ያ ገንዘብ ያን ጊዜ ምን ይገዛ እንደ ነበር ሊያስብ ይገባዋል።

ሦስተኛው፤ ስለ ቍጠባ ነው። የቤት እመቤት የዓመቱን ወጪ ስትመድብ በብሩ ቍጥር ብቻ ሳይሆን በጤፉ፣ በዘይቱና በልጆቹ ደብተር ብትቈጥር የገንዘቡን እውነተኛ መጠን ታያለች። በሣጥን ውስጥ ለብዙ ዓመት ተቈልፎ የተቀመጠ ወረቀት ሌባ ባይነካውም ሊጐድል ይችላል። ስለዚህ የተረፈውን በወለድ በባንክ ማኖር፤ ወይም ለሥራ መሣሪያና ለልጆች ትምህርት ማዋል ይሻላል።

ገንዘብን የሚያጸናው የአገሩ ሰው ሥራና የገዢዎቹ ቃል መጠበቅ መሆኑን ከዚህ ሁሉ ታሪክ እንረዳለን። የመንግሥትን ቃል መጠበቅ የገንዘብ ሹማምንት ፋንታ ነው። በየቤቱ ያለው ሰው ደግሞ ለላኪው፣ ለአበዳሪውና ለዕቁብ ጓደኛው ሲሰፍር መስፈሪያውን እንዳያጐድል መጠንቀቅ የራሱ ፋንታ ነው።